ለማሙሽ አንድ ሉክ ወረቀት ስጪው

ስቶክሆልም፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ሐዋሳ

እትዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የእማዬ እግር እንዴት ሆነላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስለ ማሙሽ የላክሽልኝን ድምፅ ሁለቴ ሰማሁት። በጌታ መቃብር የታየው መልአክ አንድ ነው ወይስ ሁለት ብሎ ቢጠይቅ «መጠራጠር ኃጢአት ነው» ተብሎ ተመለሰ አልሽኝ። ልጁ እኮ አንብቦ ነው የጠየቀው። ማቴዎስ 28 እና ማርቆስ 16 አንድ ይላሉ፤ ሉቃስ 24 እና ዮሐንስ 20 ሁለት። እንዲህ ያለ ልጅ ዝም በል ሲባል ጥያቄውን አይተወውም፣ እናንተ ፊት ማንሳቱን ነው የሚተወው። ከዚያ መልሱን ቲክቶክ ላይ ይፈልጋል።

አንድ ሉክ ወረቀት ስጪውና ከላይ ወደ ታች በአራት ዓምድ ያስምረው፤ ለአራቱ ወንጌላት። በጎን በኩል ደግሞ ጥያቄዎቹን ይደርድር፦ እነማን ሄዱ፣ በስንት ሰዓት ገደማ፣ ድንጋዩ እንዴት ሆኖ ተገኘ፣ ማን ታያቸው፣ ምን ተባሉ፣ ከዚያስ ምን አደረጉ። እያንዳንዱን ከነቁጥሩ ይጻፍ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ማርቆስ ያልጻፈውን ከማቴዎስ ወስዶ ይሞላዋል፣ መጨረሻ ላይ አንድም ወንጌላዊ ያልጻፈው አምስተኛ ወንጌል ይወጣዋል። መጽሐፉ ዝም ያለበት ቦታ ባዶ ይቆይ።

ሲጨርስ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነገር ይለይ፣ ልዩነትንና ተቃርኖን። «አንድ መልአክ አዩ» ያለ ሰው «ሁለተኛ አልነበረም» አላለም፤ ይሄ ልዩነት ነው። ዮሐንስ «ገና ጨለማ ሳለ» ሲል ማርቆስ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ማለቱም ቢሆን፣ አንዱ ስለ መነሻው ሌላው ስለ መድረሻው ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ማርቆስ 16፥8 ነው፤ ሴቶቹ ፈርተው ለማንም አልነገሩም ይላል፣ ሉቃስ 24፥9 ግን ለዐሥራ አንዱ ነገሩ ይላል። «በመንገድ ላገኙት ሰው አልነገሩም ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ያስኬዳል፤ ግን የተርጓሚ ግምት እንጂ የማርቆስ ቃል አይደለም። ይህን በግልጽ ንገሪው። ልጅ የሚሸሸው ከከባድ ጥያቄ ሳይሆን ከተሸፋፈነ መልስ ነው።

አራቱም አንድ የሆኑበትንም ይጻፍ፦ የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን፣ ማለዳ፣ መግደላዊት ማርያም፣ የተነሣ ድንጋይ፣ ሥጋው የሌለበት መቃብር።

ይህ ነገር ከፈረንጅ የመጣ እንዳይመስልሽ። መጻሕፍት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ የሚማር ደቀ መዝሙር አንድምታውን (ትርጓሜውን) ሲሰማ መምህሩ አንዱን ቃል በአንድ መንገድ ይፈታውና «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ሳይጥል ያልፋል። «አንድም» የሚል ሊቅ ባለበት ቤተ ክርስቲያን የአንድ ልጅ ጥያቄ ለምን ያስደነግጣል?

የፊታችን እሑድ ደግሞ ዳግም ትንሣኤ ነው፤ የቶማስ ታሪክ የሚነሣበት። ተጠራጣሪ እያልን ስሙን አጠፋነው እንጂ የጠየቀው ሌሎቹ ያዩትን ማየትና መዳሰስ ነበር። ዮሐንስ 20፥20 ላይ ጌታ እጁንና ጎኑን ለደቀ መዛሙርቱ አሳይቷል፣ ቶማስ በዚያ አልነበረም። እነሱም ቢሆኑ የሴቶቹን ወሬ መጀመሪያ «ቅዠት» መስሏቸው አላመኑም ነበር፤ ሉቃስ 24፥11 ላይ አለልሽ። ከሁሉ የምወደው ግን ስምንተኛው ቀን ነው። ቶማስ አላምንም ካለ በኋላ ሳምንት ሙሉ አላባረሩትም፣ እሱም አልሄደም፤ ጌታ ሲመጣ እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያገኘው። ማሙሽም ጥያቄውን ይዞ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይሂድ።

«አያቴ በጸሎት ለምን አልዳነም» የሚለው ጥያቄው ግን በወረቀት አይመለስም። እሱ ኀዘን ነው፤ ስለዚህ ክርክር አታንሺበት፣ አብረሽው ተቀመጪ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ስትሄዱ እሳት ውስጥ ስለተጣሉት ሦስት ወጣቶች፣ ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ትሰሙ የለ? ዳንኤል 3፥17 እና 18ን አንብቢለት። አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ ንጉሡን። ያንን «ባያድነንም» ያሉት እሳት ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ነው፣ መልአኩን ሳያዩ።

የምድር ዕድሜ ጥያቄ ሲመጣ ወደ ፊዚክስ መምህሩ ላኪው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ካርቦን 14 አይታመንም፣ ስለዚህ ምድር ወጣት ናት» የሚለውን ክርክር አትንገሪው። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ወዲያ ብዙም አያገለግልም፤ የምድርን ዕድሜ የሚለኩት በእሱ አይደለም። 4.5 ቢሊዮን ገደማ የሚባለው የተገኘው ከዩራኒየምና ከእርሳስ ልኬት ነው። ልጁ ይህን ትምህርት ቤት ሲደርስበት የዋሸሽው ይመስለዋል፣ ከዚያ ስለ ትንሣኤ የነገርሽውንም አብሮ ይጥለዋል። ሐዋሳ ራሷ የተቀመጠችው በጥንት የእሳተ ገሞራ ስርጉድ ውስጥ መሆኑን ንገሪው፤ እዚያው ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ ሲወጣ ዙሪያውን በሌላ ዓይን ያያል።

ጎረቤታችን ስለሰማችው ትንቢት ለጠየቅሽኝ፦ ቃሉን በተነገረበት ዕለት ከነቀኑ ጽፋ ታስቀምጥ። ካልጻፈችው በኋላ «እንዲህ ማለቱ ነበር» እየተባለ ይዞራል። ዘዳግም 18፥22 መለኪያው ነገሩ መፈጸሙ ነው ይላል፤ መፈተኗ አለማመን አይደለም። ተፈውሰሻል ብትባልም የስኳር መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፤ ሆስፒታል ሄዳ ትመርመር፣ ሐኪሟ ራሱ ካልቀነሰላት በቀር በሰዓቷ ትውሰድ። ሲራክ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ማሙሽ ሉኩን ሲጨርስ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። የማርቆስን የመጨረሻ ሣጥን በምን እንደሞላው ማየት እፈልጋለሁ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ