ማሽኑ «ሩ» ላይ ሲሳሳት

ውድ አዘጋጅ፣

ከጥቂት የእጅ ጽሑፍ ናሙና ተነስተው ሙሉ የቁም ጽሑፍ (በውበት የሚጻፍ የእጅ ጽሕፈት) ፎንት ስለሚያወጡ ፕሮግራሞች ያተማችሁትን አነበብኩ። ወድጄዋለሁ። ጥቂት ፊደል ከሰጡት የቀረውን ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል የሚለው ላይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ለቻይንኛ ነገሩ በእርግጥ ትልቅ እፎይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የቻይና የኮምፒውተር ጽሑፍ መለኪያ ብቻ 6,763 የቻይንኛ ቁምፊዎች (የጽሑፍ ምልክቶች) አሉት። ያን ሁሉ አንድ በአንድ በብሩሽ መጻፍ ማንን አያደክምም? ማሽኑ የሚያግዘው ቁምፊዎቹ ከሚደጋገሙ ክፍሎች ስለሚገጣጠሙ ነው። ውሃን የሚያመለክቱት ሦስት ጠብታዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁምፊዎች ጎን ይገኛሉ። አንዴ ካወቃቸው አወቃቸው።

እዚያም ቢሆን ወጥመድ አለ። «አፈር» እና «ምሁር» የሚሉት ቁምፊዎች ሁለቱም ሁለት አግድም መስመርና አንድ ቋሚ መስመር ናቸው። የሚለያዩት የትኛው አግድም ይረዝማል በሚለው ብቻ ነው። ማሽኑ ለማሳመር ብሎ የላይኛውን ትንሽ ከሳበው አፈሩ ምሁር ሆኖ ቁጭ ይላል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ቀላል መስሎ ያታልላል። እኔም ሞክሬ ነበር። ሉ፣ ቡ፣ ሱ እና ሙን በእጄ ጽፌ ሰጠሁት። ካዕብ ማለት ወገብ ላይ በቀኝ በኩል ጭረት ማለት ነው ብሎ ደመደመ፤ አልፈርድበትም። ከዚያ «ሩ»ን ሲያወጣ የ«ረ» ወገብ ላይ ጭረት ለጥፎ አመጣልኝ። ጭረቱ እግር ሥር መሆን እንዳለበት ከየት ይወቀው? ሳድስ ላይማ ጉድ ነው። «ት» በግራ በኩል ቀለበት ያንጠለጥላል፣ «ን» አንገቱን ይሰብራል። ይህ በግምት አይገኝም።

ስለዚህ ወሳኙ የናሙናው ብዛት ሳይሆን የትኞቹ ፊደላት ተመረጡ የሚለው ነው። ከሕግ የወጡትን በሙሉ ሰው ይጻፋቸው፤ ሕግ የሚከተሉትን ማሽኑ ይሙላ። የወጣውንም፣ ቁም ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ፊደል በፊደል ይየው።

ውጤቱን «ቁም ጽሑፍ» ማለቱም ይከብደኛል። ቻይናዊው የእጅ ጽሕፈት ጥበበኛ ዋንግ ሺጂ እ.ኤ.አ. በ353 ለግጥም ስብስብ በጻፈው ዝነኛ መቅድም ውስጥ አንድ ቁምፊ 20 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም እየተባለ እስከ ዛሬ ይደነቃል። ፎንት ግን ሃያውንም ጊዜ ያንኑ ያትማል። ለአንድ ፊደል ሦስት አራት መልክ አስገብቶ ማፈራረቅ ይቻላል፣ ብዙዎቹ ግን አይደክሙበትም።

አንድ ልመና አለኝ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎንት ስታስተዋውቁ ከተመረጠ ዓረፍተ ነገር ይልቅ የሳድሱን ረድፍ በሙሉ አትሙልን። ከካዕብ ደግሞ ሩንና ፉን።

አንባቢያችሁ