ለትንሿ እህትሽ ምርቃት

ሀዋሳ፣ ሐምሌ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከሁሉ በፊት እንኳን ማርያም ማረችሽ! መውለድሽን የሰማሁት ቅዳሜ ዕለት ከእናትሽ ነው። ከምርቃቱ የቀረሽው አራስ ሆነሽ መሆኑን ሲነግሩኝ፣ ያየሁትን ሁሉ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ብዙም ሳልርቅ ነው ያገኘኋቸው። አካባቢው በተመራቂ ተሞልቷል። እልልታው፣ የአበባ ጉንጉኑ፣ የአሳ ጥብሱ ሽታ፣ ፍርፋሪ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች። መሀል ላይ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ጋውን ጫፍ ከጭቃው ከፍ አድርገው ይዘዋል። ጋውኑ ረዝሟታል። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» ቢላቸውም አልለቀቁም። ቀና ሲሉ እናትሽ ናቸው! አገላብጠው ሳሙኝና «ምነው ልጄ፣ ጠፋሽ እኮ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ልጅቷን ግን አላወቅኳትም ነበር። በ2009 እኛ ስንመረቅ ቆቤን ነጥቃ ግቢውን በሩጫ የዞረችው ልጅ ዛሬ በአካውንቲንግ ተመርቃለች። እኛ ያልደረሰብንን የመውጫ ፈተናም አልፋለች። 50 ካላመጡ አያስመርቅም፤ እሷ 74 አመጣች። እናትሽ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ! አንቺ ከደመወዝሽ እየቀነስሽ በየወሩ ትልኪላት እንደነበርም ሰማሁ። ይህ ምርቃት ያንቺም ነው።

አሳው እስኪመጣ ጎኔ ተቀምጣ ቀስ ብላ «ሥራ ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?» አለችኝ። ላንቺ ያልነገርኩሽን ለእሷ ነገርኳት።

አንቺ በሁለተኛው ወር ባንክ ገባሽ። እኔ 11 ወር ቤት ተቀመጥኩ። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ እገዛለሁ፤ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የሚለው ላይ ስደርስ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ጎረቤት «እስካሁን አልተገኘም?» ሲለኝ ከቤት መውጣት ተውኩ። ያኔ ነው ስልክሽን ማንሳት ያቆምኩት። ምቀኝነት አልነበረም፣ እመኚኝ። አፍሬ ነው። ሥራ ሳገኝ እደውላለሁ አልኩ፤ ሳገኝ ደግሞ መቆየቱ ራሱ አሳፈረኝ። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬም አላማረልኝም። አንድ መሥሪያ ቤት «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» እያለ አራት ወር ያለ ውልና ያለ ደመወዝ አሠራኝ። መብቴን አላውቅም ነበርና ዝም አልኩ። እህትሽ ግን እንድታውቅ ፈለግሁ። የሙከራ ጊዜ በእኛ ጊዜ 45 ቀን ነበር፤ በ2011 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 60 የሥራ ቀን ሆኗል። ከዚያ አይበልጥም፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዙ ይከፈለዋል። ስለ ጡረታም ነገርኳት፦ ከእሷ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪዋ 11 በመቶ ይጨምርላታል። ስልኳ ላይ ስትጽፍ አየኋት። ጋውኗን እንደለበሰች፣ በአሳ ዘይት በወዛ ጣቷ!

የሚያሳስበኝ አሁን አይደለም። አሁን ሁሉም እያቀፋት ነው። የሚከብደው አበባው ደርቆ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪላት «ሥራ ተገኘ?» ብለሽ አትጀምሪ። ምን በላሽ፣ ምን አነበብሽ በያት። ስልክ ማንሳት ካቆመች ደግሞ አትቀየሚያት፤ በእናትሽ ስልክ ደውዪና አገናኙኝ በይ። እኔም እዚሁ አለሁላት። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ቤቴ ትመጣለች፣ ሲቪዋን አብረን እንሠራለን። እኔ የምሠራበት ቢሮ ለዓመቱ መዝጊያ ሒሳብ ሰው ስለሚያስፈልገው አለቃዬን አናግሬዋለሁ። የሁለት ወር ሥራ ቢሆንም ሲቪዋ ላይ የሚጻፍ ነገር ይሆናታል።

ሕፃኑን ሳሚልኝ። ስሙን እናትሽ አልነገሩኝም፤ ካንቺ ስሚው አሉኝ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ደውዪ፤ አነሳለሁ።

የድሮ ጓደኛሽ