የባዮሎጂ ክበብ፦ ትልልቁ ቆሮሶ ለምን ወንድ ሆነ?

በ2017 ዓ.ም. ክበቡ የያዘው ርዕስ ጾታ የሚለውጡ ዓሦች ነበር። ዋናው ምሳሌ በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚኖረው፣ በዓይኖቹ መካከል ወርቃማ መስመር ያለው ስፓሩስ አውራታ ነው። መጀመሪያ ለመራባት የሚደርሰው ወንድ ሆኖ ነው፤ 2 ወይም 3 ዓመት ሲሞላው ብዙው ወደ ሴትነት ይዞራል። የሁለቱም ጾታ ሥጋ ከመነሻው በአንዱ የመራቢያ ዕጢ ውስጥ አለ፤ አንደኛው ሲሠራ ሌላኛው ይተኛል። ሴቷ በመራቢያ ወቅት በቀን ከ20,000 እስከ 80,000 እንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ ትልልቁን ብቻ የሚለቅም መረብ የሚጨርሰው እናቶቹን ነው።

የጎጃም ባሕር ጣና ነውና ለልምምዱ የተመረጠው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ባሕር ዳር ሲገዛ «ሳይዘረገፍ» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ይህ ተዘንግቶ የመጣው ሁሉ ሆዱ ባዶ ነበር።

ርዝመቱ ከአፉ እስከ ጭራው ጫፍ ይለካል፣ ከዚያ ይመዘናል። ሆዱ ከፊንጢጣው ተነሥቶ እስከ ስንጥቡ በመቀስ ይቀደዳል። የመቀሱ ጫፍ ቀና ካላለ አንጀት ይወጋል፤ ዕጢው በቆሻሻ ይለወስና ክብደቱ ይዛባል። ዕጢዎቹ ከአየር ከረጢቱ ሥር ጥንድ ሆነው ተጋድመዋል፤ የወንዱ ቀጭን ነጣ ያለ ክር ሲሆን የሴቷ ቢጫ ፍሬ የሞላበት ነው። የዕጢው ክብደት ለዓሣው ክብደት ተካፍሎ በ100 ይባዛል፦ 200 ግራም በምትመዝን ዓሣ 4 ግራም ዕጢ ከተገኘ 2 በመቶ ማለት ነው፤ ይህም ዓሣዋ ለመራባት ምን ያህል እንደተዘጋጀች ያሳያል። ሳይቀደድ ለመለየት ከፊንጢጣው ኋላ ባለችው ጉጥ ላይ ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት የሚባለው ሐምራዊ ቀለም) ጠብ ይደረጋል፤ በሴቷ ላይ አግድም ስንጥቅ ቀለሙን ይዞ ይታያል፣ በወንዱ ላይ ግን ጫፉ ላይ ያለች ቀዳዳ ብቻ ናት።

የርዝመትና የጾታው ግራፍ ሲሣል ትልልቆቹ በብዛት ወንድ ሆኑ። ተማሪዎቹም «ቆሮሶም ከሴት ወደ ወንድ ይለወጣል» አሉ። ስህተቱ ጥሩ ስህተት ነበር፤ ከሴት ወደ ወንድ በሚለወጥ ዓሣ ላይም ግራፉ ይህንኑ ይመስላል። ቆሮሶ ግን አይለወጥም። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ድረስ መብል ትተዋለችና እድገቷ ይዘገያል፤ እኩያዋ ወንድ ጥሏት ይተልቃል። ማረጋገጫው ዕጢው ነው፦ ጾታው በመለወጥ ላይ ያለ ዓሣ ቢሆን መካከለኛ መጠን ባላቸው ላይ ሁለቱም ሥጋ በማይክሮስኮፕ ይታይ ነበር። በቅርፊት ቀለበት ዕድሜ መቁጠር እዚህ ብዙ አያስተማምንም፤ ጣና እንደ ቀዝቃዛ አገር ሐይቅ እድገትን የሚገታ ብርድ የለውም። በእርባታ የሚታዩት ሁሉም ወንድ የሆኑ ጫጩቶችም ሌላ ነገር ናቸው፤ ጾታቸው ሳይለይ ለ3 ወይም 4 ሳምንት ሆርሞን የተቀላቀለበት መኖ ስለበሉ ነው።

ቆሮሶ በብዛት የሚራባው በክረምት፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የዕጢው ክብደት በየወሩ በሚሣልበት ግራፍ የክረምት ዓምዶች ባዶ ናቸው፤ ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ አባላት ዘንድሮ ሚዛንና ዕጢው እንዳይበሰብስ በሚያደርግ 10 በመቶ ፎርማሊን የተሞሉ ብልቃጦች ይዘው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።