ድንጋዩን ማን ጎተተው? የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

እውነቱን ለመናገር የታሪክ ክበብን አንደኛ ምርጫው አድርጎ የሚመጣ ተማሪ ብዙ አይደለም። ጥቅምት ላይ ምዝገባ ሲጀመር ሚኒ ሚዲያና ስፖርት ወዲያው ይሞላሉ። የተረፈው ወደ እኛ ይመጣል። ዘንድሮ የተረፉልን ልጆች ግን የዋዛ አልነበሩም።

እስከ አምና ድረስ የክበቡ ዋና ሥራ ጥያቄና መልስ ነበር። ረጅሙ ሐውልት የቱ ነው? በማን ዘመን ተሠራ? ስንት ሜትር ነው? ቀድሞ እጁን ያወጣ ደብተር ይሸለማል። አካሄዱ ሰልፍ ሜዳ ላይ ያደምቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መልሱን የሚያስታውስ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል።

የዘንድሮውን ሥራ የወሰነልን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፒራሚድን እኮ ኤሊየኖች ናቸው የሠሩት፤ ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ» አለ። ግማሹ ሳቀ። ግማሹ ግን አልሳቀም፤ እሱም አይቶት ኖሯል። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ታዲያ የአክሱምንስ ሐውልት ማን ሠራው ልትል ነው?» ስትለው ክፍሉ ታመሰ። እኔም ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። ማን ሠራው? በምን እናውቃለን? ዓመቱን ሙሉ ከእነዚህ አልወጣንም።

ከግብፅ ጀመርን። የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ጊዛ ላይ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 አካባቢ ነው። መጀመሪያ ቁመቱ 146 ሜትር ገደማ ነበር። ወደ 2.3 ሚሊዮን የሚጠጋ የድንጋይ ብሎክ እንደፈጀ ይገመታል። ይህን ልጆቹ ከመጽሐፍ ያውቁታል። የማያውቁት ሜረር የሚባለውን ሰው ነበር።

ሜረር ይህ ፒራሚድ ሲሠራ የነበረ አለቃ ነው። ወደ 40 የሚጠጉ የጀልባ ሠራተኞች ነበሩት። ሥራቸው ከዓባይ ማዶ ካለው የቱራ ካባ ነጭ የኖራ ድንጋይ እየጫኑ ጊዛ ማራገፍ ነበር። ሜረር የየቀኑን ውሎ በፓፒረስ (ከደንገል በተሠራ ወረቀት) ላይ ይመዘግብ ነበር። ዛሬ ድንጋይ ጫንን፤ ዛሬ በጀልባ ተጓዝን፤ ዛሬ እዚህ አደርን። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። የንጉሡ ወንድም አንክሃፍም እንደ የበላይ ኃላፊ ተጠቅሷል። ይህ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ ዋዲ አል-ጃርፍ በሚባል ጥንታዊ ወደብ ተገኘ። ያገኘው በፈረንሳዊው ፒየር ታሌ የሚመራ ቡድን ነው። እስካሁን ከተገኙት ጽሑፍ ያለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው።

ይህን ስነግራቸው ብዙም ሞቅ አላላቸውም ነበር። አንድ ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው ክፍሉን ያነቃው። አባቱ የሕንፃ ሥራ ላይ ካቦ ናቸው። «አባቴም እንደዚህ ዓይነት ደብተር አለው» አለ። «ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ስንት መኪና አሸዋ ገባ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ፣ ሁሉንም ማታ ማታ ይጽፋል።» በሚቀጥለው ሳምንት አባቱን አስፈቅዶ አንድ ያለቀ ደብተር ይዞ መጣ። ጠርዙ ሲሚንቶ የነካው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ነው። ልጆቹ እየተቀባበሉ አገላበጡት። ከዚያ በኋላ ስለ ኤሊየን ያነሳ የለም። ባለ ቲክቶኩ ልጅ ብቻ «እሺ፣ ግን ኤሊየኖቹ አማክረዋቸው ቢሆንስ?» እያለ እስከ ግንቦት ቆየ። እሱም ለጨዋታ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ጠንከር ያለ ነበር። ሠራተኞቹ ባሮች ነበሩ ወይስ አልነበሩም? የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ 100,000 ሰው በየሦስት ወሩ እየተፈራረቀ ሠራ ብሎ ጽፏል። እሱ የጻፈው ግን ፒራሚዱ ከተሠራ ከ2,000 ዓመት በኋላ ነው። የዛሬ ተመራማሪዎች ቁጥሩን በብዙ ያሳንሱታል። ጊዛ ላይ የሠራተኞቹ መንደር ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መቃብሮቻቸው ከፒራሚዶቹ ብዙም ሳይርቁ ተገኝተዋል። ተሰብሮ በወጉ የተጠገነ አጥንት ያላቸው አሉ። ለተራ ባሪያ በንጉሥ መቃብር አጠገብ መቃብር ይሠራለታል ወይ? አይመስልም። አንዲት ልጅ ግን «ደመወዝ ከሌለውና እምቢ ማለት ካልቻለ ስሙ ምን ይባላል ታዲያ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመንግሥት የግዳጅ ሥራ የሚወጣ ገበሬ ባሪያ አይደለም፤ እንደልቡም አይደለም። ክርክሩን እዚያው ላይ ተውነው።

አሁን ወደ አሸዋው ሙከራችን ልግባ፤ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ እሱ ነውና።

ጀሁቲሆቴፕ የሚባል የግብፅ ሹም መቃብር ውስጥ አንድ የታወቀ የግድግዳ ሥዕል አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1900 አካባቢ ነው። 172 ሰዎች በተራ ተሰልፈው በእንጨት ተንሸራታች ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ሐውልት ይጎትታሉ። ክብደቱ 58 ቶን ያህል እንደነበር ይገመታል። ከተንሸራታቹ ፊት አንድ ሰው ቆሞ አሸዋው ላይ ፈሳሽ ያፈሳል። ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ ሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚያዩት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን በቤተ ሙከራ ፈተኑት። አሸዋው በልኩ ከረጠበ ለመጎተት የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል አሉ። ደረቅ አሸዋ ከተንሸራታቹ ፊት ይከመራል። እርጥቡ ግን እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ጠንካራ መንገድ ይሆናል።

ከአዲሱ የመማሪያ ክፍል ግንባታ የተረፈ አሸዋ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተከምሮ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን የስፕሪንግ ሚዛን አዋሱን። ከተሰበረ ዴስክ ጣውላ ላይ ተንሸራታች ተሠራ። ብሎኬት ተጫነበት። መጀመሪያ በደረቁ ጎተቱ፤ የአሸዋ ክምር ከፊቱ ተፈጠረ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ሚዛኑ ተነበበ። «በሉ ውኃ!» አልኩ። ውኃ የያዘው ልጅ ባልዲውን እንዳለ ዘረገፈው። ጭቃ ሆነ። ተንሸራታቹ ሰመጠና ቀጥ አለ። ዘበኛችን ከዳር ሆነው ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ አሸዋ እንደዚህ አይረጥብም፤ ርጭ ርጭ አድርገው» አሉት። ወጣትነታቸውን በግንባታ ሥራ ነው ያሳለፉት። እሳቸው በእጃቸው እየረጩ አሳዩን። ሚዛኑ አሁን ከደረቁ አሸዋ ያነሰ አነበበ። እንደ አምስተርዳሞቹ ግማሽ አልሆነልንም፤ ልዩነቱ ግን በዓይን የሚታይ ነበር። ውኃ ሲያንስም ሲበዛም እንደማይሆን ግን ያ ልጅ እስከ ዕድሜ ልኩ የሚረሳው አይመስለኝም። ጫማው ምስክር ነው።

ከሙከራው በኋላ ልጆቹ ሒሳቡን ወደ አክሱም ይዘውት ሄዱ። 58 ቶን ለ172 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 337 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ትልቁ የአክሱም ሐውልት፣ ያ ተሰባብሮ የተኛው፣ ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ነው። በዚያው ስሌት ከ1,500 በላይ ሰው ይፈልጋል። ስሌቱ ልክ እንዳልሆነ ገባቸው፤ ከጎቦ ዱራ ካባ እስከ አክሱም ያለው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የተነጠፈ እርጥብ አሸዋ አይደለም። ደግሞስ 1,500 ሰው አንድ ገመድ ላይ የት ይቆማል? ስንት ገመድ ነው? ማነው በአንድ ድምፅ «ሳብ!» የሚለው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የቀረ መልስ የለም። አክሱም ሜረር የለውም፤ ወይም ገና አልተገኘም። ያለው ካባው ነው። ጎቦ ዱራ ላይ ድንጋዩን ለመፈልፈል ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎች ተሰልፈው ዛሬም ይታያሉ። ተጀምሮ የቀረ ሥራም አለ።

ሐውልቱ እንዴት ወደቀ የሚለው ደግሞ ሌላ ጠብ አስነሳ። አብዛኛው ተማሪ ዮዲት ጉዲት ጣለችው ብሎ ነው ያደገው። ብዙ ተመራማሪዎች ግን ሲቆም ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ። ከመሬት በታች የሚቀበረው ክፍሉ ለዚያ ቁመት አጭር ነው። ቅር ያላቸው ልጆች ነበሩ። ሮም ተወስዶ የነበረው ሐውልት ታሪክ ነው ያጽናናቸው። 24 ሜትርና 160 ቶን የሆነው ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ። በቦታው ቆሞ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ክሬን፣ ብረትና ኮምፒዩተር እያለ ይህን ያህል ጊዜ ወስዷል። «የድሮዎቹ ታዲያ ምን ብለው ደፈሩት?» አለች የክበቡ ጸሐፊ።

አክሱም መሄድ በጀታችን አልፈቀደም። ጥያ ሄድን።

ጥያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። መንገዳችን ላይ የቅድመ ታሪክ ቦታውን መልካ ቁንጡሬን አይተን ነው የደረስነው። ጥያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአክሱም በጣም ይዘገያል፤ በመካከለኛው ዘመን የቆመ ነው። ድንጋዮቹ ላይ የሰይፍ ምስል ተቀርጿል፤ አንዱ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ። ቦታው የመቃብር ሥፍራ መሆኑ በቁፋሮ ታውቋል። ልጆቹ አንዱን ድንጋይ ከበው ሰይፍ ሲቆጥሩ፣ እርስ በርስ ሲከራከሩ፣ ጣታቸውን ሳያስነኩ በአየር ላይ ቅርጹን ሲከተሉ አይቻለሁ። ክፍል ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም።

እዚያ ነው አንድ ነገር የተገጣጠመልን። የአካባቢው ሰው እነዚህን ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸው እንደነበር ሰማን። አሕመድ ግራኝ ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ድንጋዮቹ ይቀድሙታል። በመልሱ ጉዞ አውቶቡስ ውስጥ ጸሐፊዋ ይህን አነሳች። የሠሪው ስም ሲጠፋ ሥራው ለታወቀ ስም ይሰጣል አለች። ጥያ ለግራኝ፣ የአክሱም መውደቅ ለዮዲት፣ ፒራሚድ ለኤሊየን። «ላሊበላስ?» አለ አንዱ። አውቶቡሱ ዝም አለ። እኔም ገድሉ መላእክት ከሰዎች ጋር አብረው እንደሠሩ ይናገራል አልኩ፤ የእምነቱን ነገር ለእምነቱ መምህራን ትቼ፣ በታሪክ መምህርነቴ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የመሮ ምልክት አሳያችኋለሁ አልኩ። የመሮ ምልክት ሰው ይዞት የነበረ መሣሪያ ምልክት ነው።

ከዚህ ውጭ የሠራነው ይህን ያህል አያስወራም። ስለ ባቢሎን ስንነጋገር 60 ደቂቃ የእነሱ ቁጥር አቆጣጠር ውርስ መሆኑ ብዙዎቹን አስገርሟል። ማያዎች ሜክሲኮ ውስጥ ቺቼን ኢትዛ ላይ የሠሩት ፒራሚድ በአራቱ ጎን 91፣ 91 ደረጃ ኖሮት ከላይኛው መድረክ ጋር 365 መሆኑን የሒሳብ ክበብ ልጆች ነጥቀውን በሚኒ ሚዲያ አነበቡት። ግሪክና ሮምን ነካ አድርገን ነው ያለፍነው፤ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በሞዴል ፈተና ተበላ። ሁለት የፊልም ፕሮግራም ደግሞ መብራት ጠፍቶ ቀርቷል።

የወላጆች በዓል ላይ ያቀረብነውን አጭር ድራማ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በዛሬዋ ኢራቅ ጥንታዊቷ ኡር ከተማ ውስጥ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1750 አካባቢ የተጻፈ የሸክላ ደብዳቤ አለ፤ አሁን ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ናኒ የሚባል ደንበኛ ኤአናሲር ለሚባል ነጋዴ የጻፈው ነው። ያመጣህልኝ መዳብ ጥራት የለውም፤ የላክሁትን መልእክተኛም ንቀኸዋል ይላል። ልጆቹ መርካቶ ወስደው ተጫወቱት። ኤአናሲር የሆነው ልጅ «ወንድሜ፣ ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሽያጭ ቅሬታ ወደ 3,800 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው ወላጆችም አወቁ።

ለ2018 ያሰብነው ከዚሁ የቀጠለ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን አሮጌውን የድንጋይ ሕንፃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መቼ እንደተመረቀ በሩ ላይ ተጽፏል። ማን እንደመረቀውም ተጽፏል። ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ ማን ገነባው የሚለው ግን የትም የለም። ልጆቹ ይህን ለማጣራት ተነስተዋል። አያቱ ወይም የሠፈሩ ሽማግሌ ግንበኛ ወይም ድንጋይ ጠራቢ የነበሩ ተማሪ ካለ ለክበቡ ጸሐፊ ይንገራት፤ በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት አትጠፋም። የድሮ ፎቶ ያለውም ይዞ ይምጣ፤ ኮፒ አድርገን እንመልሳለን። ምዝገባ እንደወትሮው ጥቅምት ላይ ነው። አሸዋ የሚረግጥ የድሮ ጫማ ቢይዝ ይመረጣል።