የሮቢት ሽንኩርት ልጣጭ ከመቃጠሉ በፊት፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ከእርሻ ቅጠልና ልጣጭ ተፈጥሯዊ አንቲኦክሲዳንት (ቅባት እንዳይከረፋ የሚጠብቅ ውህድ) የማውጣት አነስተኛ ሙከራ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በሸዋ ሮቢት ለረጅም ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ፣ ዛሬም በማስተማር ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ማመልከቻዬን በፖስታ አሽጌ ከመላክ ይልቅ በአደባባይ መጻፍ የመረጥኩት፣ ገበሬውም ዘይት ጨማቂውም ሽንኩርት ለቃሚዋም አንብበው የተሳሳትኩት ካለ እንዲያርሙኝ ስለምፈልግ ነው።

ነገሩን እናንተም በየዓመቱ ታዩታላችሁ። በመስኖ የለማው ሽንኩርት ሲነሳ ሴቶች ጥላ ሥር ተቀምጠው ቅጠሉን ይቆርጣሉ፣ የላላውን ልጣጭ ያራግፋሉ፣ የበሰበሰውን ይለያሉ። አይሱዙው ጭኖ ከሄደ በኋላ እዚያው የሚቀረው ቀይ ክምር ጉልበት ይደርሳል። ነፋስ የወሰደው ወስዶት የቀረው ማታ ይለኮሳል፤ ሳይቃጠል የከረመውን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። በዚያ ጭስ ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ብዙ ዓመት አልፏል። ለክፍል ተማሪዎቼ ስለ ፖሊፌኖል የማስተምረው ደግሞ በዚያው ጠዋት ነው።

ይህን የማነሳው፣ ከሽንኩርት ሁሉ ኩዌርሴቲን የተባለው ውህድ የሚበዛበት ክፍል ያ የሚቃጠለው ደረቅ ልጣጭ ስለሆነ ነው። ኩዌርሴቲን ተክሉ ከፀሐይ፣ ከተባይና ከሻጋታ ራሱን ለመጠበቅ ከሚሠራቸው ፖሊፌኖሎች አንዱ ሲሆን፣ ለወጥ በምንከትፈው ውስጠኛው ክፍል ያለው መጠን ከውጪው ልጣጭ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። የማንጎ ቅጠልም እንዲሁ ማንጂፈሪን የተባለ ውህድ አለው። የጥብስ ቅጠል ደግሞ ካርኖሲክ አሲድና ሮዝማሪኒክ አሲድ አለው። እነዚህ ሁሉ አንቲኦክሲዳንት ናቸው።

ቃሉ እንግዳ ቢመስልም ሥራው በየቤታችን አለ። እናቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት ሳይገባበት ከእሳት አያወርዱትም፤ ኮረሪማው፣ አብሹና እርዱም ይከተላል። ኮሰረት ያነሰው ቅቤ ከፋሲካ እስከ መስቀል አያደርስም ይሉ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ለሽታው ብቻ የሚጨመር ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የቅባት ኬሚስትሪ ስማር ነው የእናቴ እጅ ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ። ቅባት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ አንዱ የተጎዳ ሞለኪውል ጎረቤቱን ይጎዳል፣ ያም ቀጣዩን፤ ጉዳቱ እየተቀባበለ ይሄድና ቅቤው ይከረፋል። ከቅጠሉ የወጣው ፖሊፌኖል መሀል ገብቶ የራሱን ሃይድሮጅን ይሰጥና ቅብብሉን ያቆመዋል። ዘይቱ እንዲቆይ ራሱ ይቃጠላል ማለት ነው።

ፋብሪካዎች ይህንኑ ሥራ የሚያሠሩት በአብዛኛው ቢኤችኤ፣ ቢኤችቲና ቲቢኤችኪው በተባሉ ሰው ሠራሽ ውህዶች ነው። በተፈቀደላቸው መጠን የሚጠቀሙትን ለማስፈራራት አልጽፍም፤ መጠኑ በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የተወሰነ ነው። ሆኖም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቢኤችኤን በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚላቸው ምድብ ውስጥ ካስገባው ቆይቷል፤ ጃፓንም ቲቢኤችኪውን በምግብ ውስጥ አትፈቅድም። ገበያው ወደ ተፈጥሯዊው እያዘነበለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 እ.ኤ.አ. ከጥብስ ቅጠል የሚወጣውን ጭማቂ ኢ392 በሚል መለያ የምግብ ማቆያ እንዲሆን ፈቅዷል። ያ ቅጠል በእኛ ዞን በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ በክትፎና በጥብስ ብቻ የምናውቀው ቅጠል ነው።

ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ቀላል ነገር ሞክረናል። ከአንድ መጭመቂያ የመጣ የኑግ ዘይት በሁለት ጠርሙስ ከፈልን። በአንዱ ውስጥ ደርቆ የተፈጨ የጥብስ ቅጠል ጨምረን ለብ አድርገን አጠለልነው፤ ሌላውን እንዳለ ተውነው። ሁለቱንም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥናቸው። ከሳምንታት በኋላ ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ተሸፍነው በማሽተት ብቻ ለዩአቸው፤ እንዳለ የተተወው ከርፍቶ ነበር። ይህን ሳይንሳዊ ጥናት ብዬ አላቀርበውም፤ የመስኮት ላይ ሙከራ ነው። ግን የኑግ ዘይት ለምን ቶሎ እንደሚከረፋ ለምናውቅ ትርጉም አለው። ከመቶ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የቅባት አሲድ ስለሆነ ከብዙ ዘይቶች ይልቅ ኦክስጅን ያጠቃዋል፣ በተለይ ብርሃን በሚያስገባ ዕቃ ሱቅ በር ላይ ተደርድሮ ሲውል። አነስተኛ ዘይት ጨማቂዎቻችን ገበያ ከሚያጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ። ስለ ተረፈ ምርት የሚጻፉ ዕቅዶችን ሳነብ የሚያሳስበኝ፣ ከእህሉ የቀረውን ሁሉ ቆሻሻ አድርገው መቁጠራቸው ነው። በመንዝና በጣርማበር የገብስ ገለባ ቆሻሻ አይደለም፤ የበጉ የበጋ ቀለብ ነው። የሚንጃር የጤፍ ጭድ ለከብትም ለምርጊት ጭቃም ይፈለጋል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የባህር ዛፍ ቅጠል በፖሊፌኖልም በዘይትም የበለጸገ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱን ጠርገው፣ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሸጡ እናቶች አሉ። ያንን ቅጠል ወደ ማሽን መውሰድ ከእነሱ እጅ መንጠቅ ነው። የወይራ ቅጠልም ኦሉሮፔይን የተባለ ጥሩ አንቲኦክሲዳንት አለው፤ እኔ ግን ለቅጠል ተብሎ አንድም የዱር ወይራ እንዲቆረጥ አልመክርም። አንኮበር አካባቢ የቀረውን ደን ያየ ሰው ይረዳኛል።

ስለዚህ መነሻችን ማንም የማይጠቀምበት ነገር መሆን አለበት። የሽንኩርት ልጣጭና ቅጠል እንደዚያ ነው። ከብት በብዛት ከበላው ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል፣ ሽንቱ ይቀላል፤ እረኞቻችንም ከክምሩ ያርቁታል። ማንጎ ሲገረዝ የሚወድቀውን ቅጠልም በአብዛኛው የሚፈልገው የለም። የጥብስ ቅጠል ተረፈ ምርት ባይሆንም በጓሮና በእርከን ዳር በቀላሉ ስለሚለማ አብሮ ይታሰብ እላለሁ። እዚህ ላይ የሙያ ልዩነትም አለ፦ ኩዌርሴቲን በዘይት ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ ካርኖሲክ አሲድ ግን ይሟሟል። ለኑግ ዘይት የጥብስ ቅጠሉ ይሻላል፤ የሽንኩርቱ ጭማቂ ለመዋቢያ ምርቶች፣ ለሥጋ ውጤቶችና ለመሳሰሉት ይሆናል። (የሽንኩርት ልጣጭ የበግ ሱፍ ወርቃማ አድርጎ እንደሚያቀልም ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ለሚሠሩ የመንዝ ወገኖቼ መናገር ደስ ይለኛል።)

አወጣጡ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከመቶ 60 እስከ 70 ኤታኖል (አልኮል) ባለው ውሃ ውስጥ ለብ ተደርጎ ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ከዚያም አልኮሉ ተንኖ ተመልሶ ይያዛል። የሚቀረው ወፍራም ቡናማ ጭማቂ ነው። ጥንካሬው ዲፒፒኤች በተባለ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ፈሳሽ ይለካል፤ አንቲኦክሲዳንቱ በበረታ መጠን ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህን መለካት የኬሚስትሪ ተመራቂ የሚችለው ሥራ ነው።

ከባዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ማድረቁ ነው። ቅጠል ከተቆረጠባት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ፖሊፌኖሉን ማጥፋት ይጀምራሉ፤ የተከተፈ ድንች የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። እርጥብ ቅጠል ተከምሮ ካደረ ልናወጣው ከምንፈልገው ብዙው ይጠፋል። ከክብደቱም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ ሳይደርቅ ጭኖ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማበርን ዳገት መውጣት ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ማድረቅም በብርዱና በጉሙ አይመችም። ሮቢት ግን ቆላ ናት፤ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ቅጠል የሚሰጣበት መደርደሪያ ያለው አንድ መጠለያ ይበቃል። ደረቁ ቅጠል በጆንያ ሆኖ ቤተ ሙከራ ወዳለበት ወደ ደብረ ብርሃን ይውጣ። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ሽንኩርት በማሳ ሲበሰብስ ያየን ሰዎች ነን፤ ደረቅ ቅጠል ግን መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል።

ሁለተኛው አልኮሉ ነው። አልኮሉን መልሶ የማይዝ ሥራ ያከስራል፣ እሳትም ያስነሳል። በአካባቢያችን ግን ማፍላትና ማንጠርን ከእናቶቻቸው የተማሩ ሴቶች ሞልተዋል። ዳግም አረቄ የምታወጣ ሴት እንፋሎት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ለምን እንደሚለይ ማንም አያስተምራትም። አልኮሉ ከፊንጫ ወይም ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ይገዛ እንጂ፣ ለሥራው የሚቀጠሩት እነዚህ ሴቶች ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ነው፤ ፀረ ተባይ። የሽንኩርት ገበሬዎቻችን ትሪፕስ ለተባለው ጥቃቅን ተባይና ለቅጠል በሽታ ደጋግመው ይረጫሉ፤ አንዳንዱ እስከ መንቀያው ሳምንት። የምናወጣው ፖሊፌኖሉን ብቻ አይደለም፤ አልኮሉ በልጣጩ ላይ የቀረውንም ኬሚካል አብሮ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርት ወደ ሰው አፍ ከመሄዱ በፊት ቅሪቱ መመርመር አለበት። ምርመራው ካለፈ እሰየው፤ ካላለፈ ከጥብስና ከማንጎ ቅጠል ጀምረን፣ ከመንቀሉ በፊት ርጭት የሚያቆሙበትን ቀን ከሽንኩርት ገበሬዎች ጋር እንስማማ። ያ ስምምነት አንቲኦክሲዳንት ባይወጣ እንኳ ለበላተኛው ይጠቅማል። የምርመራውን ውጤት ሳያይ ለምግብ እንዲውል የሚያጣድፍ ሰው ቢመጣ እምቢ በሉት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ሐሳብ በሁለት ገጽ ጽፌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ወስጄ ነበር። የተጠየቅሁት ስንት ሚሊዮን ብር እንደሚፈልግና ስንት ወጣት እንደሚቀጥር ነበር። ትንሽ ነው፣ በመጠለያና በጥቂት ጆንያ ቅጠል ይጀመራል ስል ወረቀቱ መዝገብ ቤት ቀረ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ጠየቅሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቂም ይዤ አይደለም የማነሳው። ትልቅ ፋብሪካ ከተለመነ በኋላ ማሽኑ መጥቶ ቅጠሉ ሳይደርቅ፣ ገዢው ሳይታወቅ የቆመበትን ቦታ ስላየሁ ነው ዛሬም ትንሽ የምለምነው።

የምለምነውም ይህ ነው። በሚመጣው የሽንኩርት ወቅት በሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ወረዳ አንድ የጥላ ማድረቂያ ይሠራ፤ ከመምሪያው አንድ ባለሙያ ይመደብለት፤ ጆንያና ሚዛን ይኑረው። ልጣጩን ለሚለቅሙት ሴቶች በኪሎ ይከፈል፣ በነጻ አምጡ አይባሉ፤ ዋጋ የሌለው ነገር በጥንቃቄ አይሰበሰብም። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ጋር በጽሑፍ የሆነ ስምምነት ይደረግ፤ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በእኛ ቅጠል ላይ ይሥሩ። በዞኑ ያሉ ዘይት ጨማቂዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይቀመጡ፤ ዘይታቸውን ሰጥተው ይሞክሩ፣ ይገዙ እንደሆነ ወይም እንደማይገዙ በግልጽ ይናገሩ። ከአንድ ወቅት በኋላ የማያዋጣ ሆኖ ከተገኘ መጠለያው ለበርበሬና ለማሾ ማድረቂያ ይሆናል፤ ማንም አይከስርበትም።

የጥር ሽንኩርት መነሳት ሊጀምር የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ለመነጋገር ቀን ከቀጠራችሁልኝ ደብረ ብርሃን ድረስ እመጣለሁ። የምይዘው አንድ ጆንያ ደረቅ ልጣጭና ከመስኮቱ ያነሳኋቸውን ሁለቱን የኑግ ዘይት ጠርሙሶች ነው።

ከአክብሮት ጋር
በሸዋ ሮቢት የኬሚስትሪ መምህር

ግልባጭ፦
ለቀወት ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት
ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ
ለደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል