«መንታ» አትበሉት፣ ትንበያ በሉት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ካንሰር ሕክምናና ስለ «ዲጂታል መንታ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የካንሰር መድኃኒት የማዘጋጅ ፋርማሲስት ነኝ፤ ቀኔን የማሳልፈው ከስሌት ጋር ነው። እንደደከማችሁበት ያስታውቃል። አንድ ነገር ግን እንደ ዋዛ አልፎ ሄዷል፦ የታማሚው ቅጂ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ መድኃኒቱ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሞከራል፣ የማይሆነው እዚያው ይቀራል፣ ሰውየው ጋ የሚደርሰው የሚያድነው ብቻ ነው የሚለው። ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ታማሚ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝና «የእኔ መንታ መቼ ይደርሳል?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህኛውን ግን ያወጡት መሐንዲሶች ናቸው፤ ያውም ለማሽን። ነገሩ ሲተረክ ሁልጊዜ የሚነሳው ወደ ጨረቃ የተላከው አፖሎ 13 ነው። በሚያዝያ 1970 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመንኮራኩሩ የኦክስጅን ታንክ ሲፈነዳ፣ ምድር ላይ ያሉት ባለሙያዎች ጠፈርተኞቹ የሠለጠኑባቸውን ሲሙሌተሮች ከተጎዳው መንኮራኩር ሁኔታ ጋር አመሳስለው፣ ወደ ላይ የሚያስተላልፉትን መመሪያ አስቀድመው እዚያ ይፈትኑት ነበር። ሦስቱም ሰዎች በሕይወት ተመለሱ። ስሙ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያኔም ነበረ።

መንኮራኩርን ግን ሰው ነው የሠራው። የእያንዳንዱ ሽቦና የእያንዳንዱ ቧንቧ ንድፍ መሳቢያ ውስጥ አለ። የዕጢ ንድፍ ማንም ዘንድ የለም። 1 ሴንቲሜትር የሚሆን ዕጢ እስከ 1 ቢሊዮን ሕዋስ ሊይዝ እንደሚችል ይገመታል፤ ሕዋሳቱም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። የካንሰር ተመራማሪው ፒተር ኖዌል በ1976 እንዳስረዳው ካንሰር እዚያው ሰውነት ውስጥ ሆኖ በዝግመተ ለውጥ የሚጓዝ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን የቻለው ይተርፋል፣ የተረፈው ይራባል። ዛሬ የተነሳው ምስልና ዛሬ የተወሰደው ናሙና የሚያሳዩት የዛሬውን ዕጢ ነው። መንታው ተሠርቶ እስኪያልቅ ዋናው ሌላ ሆኖ ሊጠብቀን ይችላል።

ይህን ስል ሞዴል፣ ማለትም ሰውነትን በቁጥር የሚወክል ስሌት፣ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በሞዴል ማከም ከጀመርን ቆይተናል፤ ለታማሚው ሳንነግረው ነው እንጂ። የብዙው ኬሞቴራፒ መጠን የሚሰላው በሰውነት ቆዳ ስፋት ነው። ቆዳውን ማንም አይለካም። ቁመትና ክብደት ቀመር ውስጥ ይገባሉ፣ ስፋቱ ይወጣል። ቁመቷ 165 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ 60 ኪሎ የሆነች ሴት 1.66 ካሬ ሜትር ትሆናለች፤ ወረቀቷ እኔ ጋ ሲደርስ እሷ ማለት ይህች ቁጥር ናት። ለረጅም ጊዜ መሠረት ሆኖ የቆየው ቀመር የወጣው በ1916 ነው። ዱ ቧ እና ዱ ቧ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው ያወጡት፤ የ9 ሰዎችን አካል ለክተው። ዘጠኝ! መቶ ዓመት አልፎም ሕዋስ የሚገድል መድኃኒት የምንመዝነው በዚያ ወይም በዘመዶቹ ነው።

ትንሽ የተሻለውን ደግሞ ልንገራችሁ። ካርቦፕላቲን የሚባለው መድኃኒት በአብዛኛው ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ በ1989 ካልቨርትና ባልደረቦቹ ቆዳውን ትተው ኩላሊቱን ያዙ። ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦ ኩላሊቱ በደቂቃ በሚያጣራው ላይ 25 ይደመርና፣ ሰውነቱ በጠቅላላ እንዲያገኝ በታሰበው የመድኃኒት ልክ ይባዛል። የታሰበው ልክ 5 ሆኖ ኩላሊቱ 75 ሚሊሊትር የሚያጣራ ከሆነ 500 ሚሊግራም ነው። 115 የሚያጣራ ከሆነ 700። እነዚህ ሁለት ሰዎች በቁመትም በክብደትም እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በቆዳ ቢሰላ ኖሮ እኩል ይታዘዝላቸው ነበር።

ይህን ቀመር እወደዋለሁ። አንድ ቀን ግን ጉድ ሊሠራኝ ነበር። አንዲት እናት ለሦስተኛ ዙር መጡ። ኮምፒውተሩ ያወጣላቸው መጠን ካለፈው ዙር ከ100 ሚሊግራም በላይ ይበልጣል። ስሌቱን ደገምኩት፤ ትክክል ነው። ደማቸው ውስጥ ያለው፣ ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወግደው ክሬአቲኒን የተባለ ነገር ወርዷል፤ እሱ ሲወርድ ቀመሩ ኩላሊቱ የበረታ ይመስለዋል። ወጥቼ አየኋቸው። የእጅ ሰዓታቸው ወደ ክርናቸው ይንሸራተታል። ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ጡንቻቸው አልቆ እንጂ ኩላሊታቸው በርትቶ አይደለም። ለሐኪሙ ደወልኩ፣ መጠኑ ተስተካከለ። ለምን እንደዘገየሁ ሳስረዳቸው «ታዲያ ኮምፒውተሩ እኔን አላየኝም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «አላየዎትም እናቴ፤ ያየው ደምዎን ነው» አልኳቸው። እኔ ተራቅቄ ያገኘሁት ነገር አይምሰላችሁ፤ ወጥመዱ በሙያው የታወቀ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010፣ ዝቅ ያለ ክሬአቲኒን ከልክ ያለፈ መጠን እንዳያስከትል ብሎ፣ እዚህ ቀመር ውስጥ የሚገባው የኩላሊት ቁጥር ከ125 እንዳያልፍ መክሯል።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ መስመር ቀመር እንዲህ ከሆነ፣ የዘር መረጃውን፣ የኤምአርአይ ምስሉን፣ የደም ምርመራውን ሁሉ የሚውጠው ትልቁ ሞዴል ስንት እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይኖረዋል? የእኔን ስህተት ያገኘሁት መስመሩ ስለሚታይ ነው፤ በወረቀት ላይ ልከልሰው እችላለሁ። የማይታየውን ማን ይከልሰው?

ሞዴል በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ግን ጽሑፋችሁ ውስጥ አላየሁም፤ እኔ ብሆን በእሱ እጀምር ነበር። ፍሎሪዳ በሚገኘው የሞፊት ካንሰር ማእከል ሮበርት ጌትንቢና ባልደረቦቹ የፕሮስቴት ካንሰርን መሬት እንደሚሻሙ ጎረቤቶች አድርገው አሰቡት። መድኃኒት የሚገድላቸው ሕዋሳትና መድኃኒት የማይነካቸው በአንድ ቦታና በአንድ ምግብ ይሻማሉ። መድኃኒቱን ያለ እረፍት ከሰጠህ የሚሞቱትን ትጨርስና መሬቱን ባዶ አድርገህ ለማይሞቱት ታስረክባለህ። ስሌቱ ሌላ መንገድ አመላከተ። አቢራቴሮን የተባለው መድኃኒት ይጀመራል፤ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምልክት ወደ ግማሽ ሲወርድ ይቆማል፤ ምልክቱ ወደ መነሻው ሲመለስ እንደገና ይጀመራል። ፒኤስኤው 20 የነበረ ሰው 10 ሲደርስ ያርፋል፣ 20 ሲመለስ ይቀጥላል። በእረፍቱ ጊዜ የሚሞቱት ሕዋሳት ያገግሙና የማይሞቱትን ይጫኑለታል። በ2017 በታተመው የመጀመሪያ ውጤት የተካተቱት 11 ሰዎች ናቸው። የወሰዱት መድኃኒት በተለመደው አሰጣጥ ከሚወሰደው ግማሹን አይሞላም፤ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ግን በተለመደው መንገድ ከታከሙት ረዝሟል።

ከ11 ሰው ድምዳሜ አይወጣም፤ ሰዎቹም በዕጣ አልተመደቡም። እኔን የማረከኝ ሌላው ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ የሰውየውን መልክ የያዘ ምንም መንታ የለም። ጥቂት እኩልታዎችና አንድ የደም ምርመራ ናቸው። ሰውየውን ልቅዳ ሳይል አንድ ጥያቄ ብቻ የጠየቀ ሞዴል ነው፦ ዛሬ መድኃኒቱን እንስጥ ወይስ እንቆይ?

መቼ ይደርሳል ላለኝ ታማሚ ደግሞ የጡት ካንሰሩ ታሪክ መልስ አለው። ላሪ ኖርተንና ሪቻርድ ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 የዕጢን እድገት በእኩልታ ገልጸው፣ በሁለት ዙር መካከል ዕጢው የሚያገግምበት ጊዜ ቢያጥር ውጤቱ ይሻላል ወደሚል ሐሳብ ደረሱ። ሐሳቡ 2,005 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትኖ ውጤቱ የታተመው በ2003 ነው። ያንኑ መድኃኒት በያንዳንዱ ዙር በዚያው መጠን፣ በየ3 ሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ ነጭ የደም ሕዋስ ከሚያበዛ መድኃኒት ጋር በየ2 ሳምንቱ ሲሰጥ፣ ከ4 ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት ከ75 ወደ 82 በመቶ ከፍ አሉ። ከእኩልታው እስከ ማረጋገጫው 26 ዓመት። ኮምፒውተሩ ፈጥኗል፤ ሰውን ሕክምና ላይ አቆይቶ ውጤቱን መጠበቅ ግን ያው እንደድሮው ነው።

ቅጂ የሚለው ቃል በሌላ ሕክምና ብዙ ርቀት ሄዷል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 በቨርጂኒያና በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራውን የስኳር ታማሚዎች ሲሙሌተር፣ ለኢንሱሊን መቆጣጠሪያ ስሌቶች የእንስሳት ሙከራን ተክቶ እንዲያገለግል ተቀብሎታል። ስኳር ግን በየጥቂት ደቂቃው ይለካል፤ ሞዴሉ ቢሳሳት ሳይመሽ ይታወቅበታል። የዕጢ ምስል የሚነሳው በየሁለትና በየሦስት ወሩ ነው። የአየር ትንበያም የተሻለው ዛሬ የተናገረው ነገ ስለሚፈተሽ ነው፤ የተሳሳተ ትንበያ ማንም ሳያየው አያድርም።

ከሞዴል ሠሪዎች የምጠይቀው ይህን ነው፤ ጋዜጠኞችም እንድትጠይቁልኝ እፈልጋለሁ። ምስሉ ከመነሳቱ በፊት «ዕጢው ይህን ያህል ይሆናል፤ ከዚህ እስከዚህ ልሳሳት እችላለሁ» ተብሎ ቀን ተጽፎበት ይመዝገብ። ምስሉ ሲነሳ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ካለፈ በኋላ የቆየ መረጃ ላይ ተፈትኖ «በትክክል ተነበየ» የሚባለው ነገር እኔን አያሳምነኝም፤ መልሱን እያየ የሚፈተን ተማሪ ይመስለኛል። የማን መረጃ ነው የሚለውም ይነሳ። በ2019 በወጣ አንድ ግምገማ፣ በሽታን ከዘር ጋር የሚያያይዙ ሰፋፊ ጥናቶች ውስጥ ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ አፍሪካውያን 2 በመቶ። ከዚህ የተቀዳ መንታ ለብዙ ሰው የሩቅ ዘመድ ነው የሚሆነው።

ለወደፊቱ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ «መንታ» የሚለውን አስቀርታችሁ «ትንበያ» በሉት። ቃሉ ደብዘዝ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ትንበያ ሲባል ሰው «ስንቴ ተሳስቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መንታ ሲባል «መቼ ይመጣል?» ነው የሚለው።

ለዚያ ታማሚ ስለ መንታው ምንም ተስፋ አልሰጠሁትም። የራሱን ወረቀት አውጥቼ «ለጊዜው እርስዎን የምናውቅዎት በዚህ ነው» ብዬ አሳየሁት፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ክሬአቲኒን። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። «ይኼ ክብደት እኮ ያለፈው ወር ነው» አለኝ። ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። 4 ኪሎ ቀንሷል።

ከአክብሮት ጋር፣
የካንሰር መድኃኒት ፋርማሲስት