የማንሆሉ ጥልቀት ሳይለካ ማመልከቻ አይጻፍ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ቤቱን ከፍሳሽ መስመር ለማገናኘት፣ የውሃ መስመር ለማዛወር ወይም ከአጥር ውጭ ያለ ዛፍ ለማስነሳት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በየቢሮው መመላለሱ ያማርረዋል። ቅሬታው እውነት አለው። ይሁንና ማመልከቻዎች ከሚመለሱባቸው ምክንያቶች አንዱ አመልካቹ ራሱ ነው፤ ሦስቱን ጉዳይ በሦስት ንድፍ፣ ለዚያውም ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ያቀርባል።

መቅደም ያለበት ፍሳሹ ነው። ውሃ በግፊት ስለሚሄድ ሽቅብም ይወጣል፣ ዛፍም ካለ ዞሮት ያልፋል። ፍሳሽ ግን ተዳፋት ካላገኘ አይሄድም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በቅርብ ያለው ማንሆል፣ ማለትም የፍሳሽ መስመሩ ባለክዳን ጉድጓድ፣ ከክዳኑ እስከ ውስጥ ወለሉ ስንት እንደሆነ ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ባለሙያ ጋር ይለካ። ልኬቱ ከላይ ሆኖ ነው፤ ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከቤቱ የሚወጣው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከመሬት በታች 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢጀምርና ማንሆሉ 28 ሜትር ቢርቅ፣ በ2 በመቶ ተዳፋት ሌላ 56 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። መሬቱ ደልዳላ ከሆነ ቱቦው ማንሆሉ ጋ የሚደርሰው 1 ሜትር ከ16 ላይ ነው። የማንሆሉ ወለል 1 ሜትር ላይ ከሆነ አለቀ፣ አይገባም። ቱቦው ወደ 160 ሚሊ ሜትር አድጎ ተዳፋቱ ወደ 1 በመቶ ቢቀንስ ግን 88 ሳንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል። ይህ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ከታወቀ በእርሳስ የሚስተካከል ነገር ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ከታወቀ ፓምፕ ያስገዛል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ፍሳሹ ቤት ውስጥ ይቀራል።

የጣሪያ ውሃ ከፍሳሽ መስመር ጋር አይገናኝ። ብዙዎች ይህን እንደ ቢሮክራሲ ግትርነት ያዩታል። 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 7,500 ሊትር ይሆናል። በቀን 500 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ ይህን ያህል ለመልቀቅ 15 ቀን ይፈጅበታል። አንድ ሰፈር አሸንዳውን ሁሉ ወደ ፍሳሽ ካዞረ ሐምሌ ላይ ማንሆሉ ክዳኑን ገፍቶ መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ዝቅ ያለው ቤት መጸዳጃም ሽቅብ ይመልሳል። የዝናብ ውሃ መሄጃው የጎርፍ ቦዩ ነው።

የውሃ መስመሩ ከፍሳሹ ጎን ለጎን 3 ሜትር ይራቅ። መሻገር ግድ ከሆነ ውሃው ከላይ፣ ቢያንስ በ45 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይለፍ፤ መሻገሪያው ላይ መገጣጠሚያ አይኑር። በፈረቃ ውሃ በሚያገኝ ከተማ ይህ የወረቀት ደንብ ብቻ አይደለም። ውሃው ሲቋረጥ ቱቦው ውስጥ ግፊት ይጠፋል፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ይስባል። ስንጥቅ ካለ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ይዞ ይገባል። ውሃ በተመለሰ ማግስት ሽታ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ዛፉ ስንመጣ፣ ብዙ ጊዜ መቁረጥ አያስፈልግም። የግንዱ ዙሪያ በደረት ቁመት ላይ በሜትር ተለክቶ ለ3.14 ይካፈል፤ የተገኘው ውፍረት በ12 ሲባዛ ጥንቃቄ የሚያሻውን ርቀት ይሰጣል። ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጃካራንዳ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 3 ሜትር ከ60 ድረስ ኤክስካቫተር አይጠጋው። በዚያ ክልል ቁፋሮው በእጅ ይሁን፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ሥር ሳይቆረጥ ቱቦው ከሥሩ በታች ይለፍ። ማመልከቻው ላይ «ዛፉ ይነሳልኝ» ከማለት ይህን ልኬት ንድፉ ላይ ማሳየት ይሻላል። «ሥሩ ቱቦዬን ሰበረው» የሚለውም አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ መገጣጠሚያው ያፈስሳል፣ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ይገባል።

የመንገድ ቆረጣ ፈቃድ የሚጠየቀው እነዚህ ሁሉ አንድ ንድፍ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ነው። አስፋልቱ በመቁረጫ ማሽን ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፣ በዶማ አይፈልፈል። ቱቦው በአሸዋ ይታቀፍ። ቦሌና ቃሊቲ አካባቢ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ በክረምት እያበጠ መገጣጠሚያ ስለሚያላቅቅ ተጭኖ ይሂድ፣ በምትኩ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ላዩ ብቻ የተጠቀጠቀ ቦይ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል።

ከቢሮዎቹ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። የፍሳሽ ማመልከቻ ቅጹ የማንሆሉን ጥልቀት በባለሙያ ፊርማ የሚያሰፍርበት ቦታ ይኑረው። ውሃውን፣ ፍሳሹን፣ ዛፉንና መንገዱን የሚያዩት ባለሙያዎችም አንዱን ንድፍ ይዘው በአንድ ቀን ቦታው ድረስ ይምጡ፤ ቦዩ ከመሸፈኑ በፊትም የቱቦው ርቀት ከአጥሩ ጥግ ተለክቶ ፎቶው ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።

የሳኒተሪ ሥራ ባለሙያዎች፣
ከአዲስ አበባ